መኪናው ሲያጉረመርም፦ የቤተሰብ መኪና ያልተለመዱ ድምፆችን ስለመመርመር

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መርሐ ግብር ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ በቃል ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት ካፈርሁበት አንድ ቀን ተነሥቼ ነው። ሥራዬ የማሽኖችን ንዝረት ማስተማር ነው። ባለፈው ክረምት ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼንና እናቴን ይዤ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ስመለስ፣ ዶርዜን አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን፣ ከመኪናው የፊት ክፍል «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ተሰማኝ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፤ ስቀንስ ይቀንሳል። ተማሪ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፌ የማስረዳው ጉዳይ ነበር። እጄ ግን የሄደው ወደ ሬዲዮው ነው፤ ከፍ አደረግሁት፣ ጉርምርምታውም ጠፋ። ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ «ልጄ፣ ሸፈንኸው እንጂ መች ተወው?» አለችኝ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ሄድሁ። የፊት ጎማዎቹ አበላል የተዛባ ነው ተባለና ሁለት ጎማ ገዛሁ፤ ድምፁ አልቀረም። ሌላ ጋራዥ ስሄድ አሞርዛተሮቹ ተለወጡ፤ ድምፁ አሁንም አለ። በሦስተኛው ቦታ ያገኘኋቸው ሸምገል ያሉ መካኒክ ግን ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ዶክተር፣ መቼ መቼ ነው የሚጮኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። የቀደሙትን ሁለት ጋራዦች እዚህ የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ እኔም ብሆን የነገርኋቸው «ድምፅ አለው» ብቻ ነበር። «ያመኛል» ብሎ ዝም ባለ ታማሚ ላይ ሐኪሙ ቢሳሳት ጥፋቱ የሐኪሙ ብቻ አይሆንም።

እንግዲህ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ድምፅን ማጥፋትና ብልሽትን ማስወገድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በሬዲዮም ይሆናል። ሁለተኛው ግን የሚጀምረው «ምን ልቀይር?» ከሚለው ሳይሆን «መቼ ይሰማል?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

ድምፁ ይዞት የሚመጣው ምት

መኪና ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ የንዝረት ውጤት ነው። የሚሽከረከር አካል ጉድለት ሲኖርበት ጉድለቱ በእያንዳንዱ ዙር ራሱን ይደግማል፤ ስለዚህ ድምፁ የራሱ የሆነ ምት አለው። ምቱን ያወቀ ሰው ከየትኛው አካል እንደመጣ ለመገመት ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

ቀላል ስሌት እናድርግ። የጎማው የጎን ለጎን ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ዙር ሲዞር መኪናው 1.88 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ጎማው በሴኮንድ ወደ 9 ጊዜ ይዞራል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ግን 3 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 50 ዙር ይሆናል። በአራት ምት ሞተር ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ የሞተሩን ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ የአንድ ቫልቭ ድምፅ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይደገማል። ሃምሳውንና ሃያ አምስቱን ጆሮ አይቆጥርም፤ ሦስቱን ግን ይቆጥራል። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ «ዱብ… ዱብ… ዱብ…» የሚለውን ከቆጠራችሁና ፍጥነታችሁን ካወቃችሁ፣ ድምፁ ከጎማው ጋር እኩል እየዞረ መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ድምፅን አዳምጦ ውስጥን ማወቅ በሕክምናም ቢሆን እንዲሁ የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ በታማሚ ደረት ላይ በማድረግ የልብን ምት አዳመጠ፤ የዛሬው የሐኪሞች ማዳመጫ የተወለደው ከዚያ ነው። በጋራዦቻችንም መካኒኩ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ የምታዩት ይኸው ጥበብ ነው። ብረት ድምፅን ከአየር በተሻለ ስለሚያስተላልፍ ከብዙ ድምፆች መካከል አንዱን ለይቶ ያሰማል። ይህን የምትሞክሩ ግን ሞተሩ እየሠራ የሚዞረውን ቀበቶና ማራገቢያ አትርሱ፤ ነጠላ ወይም ጋቢ ደርቦ ወደ ሚሽከረከር ሞተር ማጎንበስ ለሕይወት አስጊ ነው።

የድምፁ ስም

ከመካኒክ ጋር ስንነጋገር የሚያስቸግረን ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። ተማሪው ከመጽሐፍ የሚማራቸው ቃላት አንድ ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማቸው ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ ደግሞ ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ የሆኑ ሌላ ናቸው። ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ለምርመራው ግን ከሁለቱም በላይ የሚጠቅመው ድምፁን ራሱን መሰየም ነው፤ በዚህ ረገድ አማርኛችን ባለጸጋ ነው። መኪና ያጉረመርማል፣ ያፏጫል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይንኳኳል፣ ይፋጫል። እነዚህ ቃላት ለቀልድ የሚውሉ አይደሉም። እያንዳንዳቸው የተለየ የንዝረት ዓይነት ይገልጻሉ። ጋሞኛ የሚቀናችሁ በጋሞኛ ግለጹት፤ ዋናው ነገር «ድምፅ አለው» ከሚለው ማለፋችን ነው።

አራት ጥያቄዎች

ስሙን ካገኘን በኋላ ወደ አራት ጥያቄዎች እንሸጋገራለን።

አንደኛ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይሰማል ወይ? ከተሰማ ከጎማዎቹ ወገን አይደለም፤ ሞተሩን፣ ቀበቶውን ወይም የጭስ ማውጫውን እንጠረጥራለን።

ሁለተኛ፣ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የመኪናውን ፍጥነት? ለምሳሌ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሦስተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎም በዚያው ፍጥነት በአራተኛ ማርሽ እንንዳ። የሞተሩ ዙር ተቀየረ፤ የጎማው ዙር ግን አልተቀየረም። ድምፁ እንደነበረ ከቀጠለ ምንጩ ከጎማው ወገን ነው። አንዳንዶች ይህን ለማወቅ ማርሹን ዜሮ አድርገው መኪናውን ይለቁታል። ይህ በሜዳ ላይ ቢሆን ነው፤ በዶርዜ ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሦስተኛ፣ የሚቀይረው ምንድን ነው? ፍሬን መያዝ ነው? መሪ ማዞር ነው? ጉድጓድ ነው? ዳገት ነው?

አራተኛ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

አርባ ምንጭ ለእነዚህ ሙከራዎች የተመቸች ከተማ ናት። ከሲቀላ ወደ ሸቻ የሚያወጣው ዳገት ሞተርን ጫና ላይ ይፈትናል። በአባያ ሐይቅ ምዕራብ በኩል በላንቴ አድርጎ ወደ ምዕራብ አባያ የሚዘልቀው መንገድ ሜዳማ ነው። ወደ ጨንቻ የሚወጣው ደግሞ ፍሬንና ማርሽን ይመረምራል። ከከተማችን እስከ ጨንቻ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ መፈተሻ በራፋቸው ላይ ያላቸው ከተሞች ብዙ አይደሉም።

ከድምፅ ወደ ብልሽት

አሁን ጥያቄዎቹን ሥራ ላይ እናውላቸው።

ከፍጥነት ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች አሉት፦ ጎማና የጎማ ኩሽኔታ። መለያው ቀላል ነው። ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ ስንሻገር ድምፁ ጠባዩን ከቀየረ ጎማውን እንጠርጥር፤ በሁሉም መንገድ አንድ ዓይነት ከሆነ ኩሽኔታውን። ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ስናዞር የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ያጋድላል። ያን ጊዜ ጉርምርምታው ከፍ ካለ ጉዳተኛው የቀኙ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ በጠንካራ መደገፊያ አስደግፎ፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ሌላውን እጅ ሞሎው ላይ ማሳረፍ ነው፤ የተጎዳ ኩሽኔታ እንደ አሸዋ ሲሻክር መዳፍ ላይ ይሰማል።

መሪ እስከ መጨረሻው ታጥፎ ስንነሣ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» ከሞተሩ ወደ ፊት ጎማዎች ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ መታጠፊያ ነው። ይህን መታጠፊያ የሚሸፍነው የጎማ ከረጢት ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፤ በምትኩ የመንገዳችን አቧራ ይገባል። ከረጢቱ እንደተቀደደ ካየነው ከረጢቱን መቀየርና አዲስ ግራሶ መሙላት ይበቃል፤ «ቀጭ ቀጭ» ካለ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ መታጠፊያው ራሱ ይለወጣል።

ጉድጓድ ሲገባ የሚንኳኳ ድምፅ የተበላ የጎማ ቡሽ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ምልክት ነው። የተነሣውን ጎማ ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ከላላ ኩሽኔታውን ወይም ጎማውን የሚሸከመውን መገጣጠሚያ፣ ከግራና ከቀኝ ይዘን ብቻ ከላላ የመሪውን ዘንግ መገጣጠሚያ እንመረምራለን።

ጠዋት ሞተር ሲነሣ የሚያፏጭ ከሆነ ቺንጋ የምንለውን የሞተር ቀበቶ እንመልከት። ጥቂት ውኃ ጠብ ሲደረግበት ፉጨቱ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ የሚዞርባቸው መዘውሮች አሰላለፍ ተዛብቷል ማለት ነው፤ ከባሰበት ደግሞ ቀበቶው ላልቷል። ሳሙና ቀብቶ ዝም ማሰኘት ግን የእኔን ሬዲዮ መክፈት ነው።

ዝምታ ሲያታልል

ወደ ዋናው ነጥቤ ልመለስ። የጠፋ ድምፅ ሁሉ የዳነ ብልሽት አይደለም።

በብዙ መኪናዎች የፍሬን ሸራ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ሸራው ተበልቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲቀር ዲስኩን እየነካች ታፏጫለች። ሥራዋ መጮኽ ነው። ባለመኪናው ችላ ካላት ቀጥሎ የሚመጣው ፉጨት ሳይሆን የብረት ለብረት ፍጭት ነው፤ ያን ጊዜ ከሸራው አልፎ ዲስኩም ይበላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራሳችን ተራራ ነው። በሙቀት ከአርባ ምንጭ ተነሥተን በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ዳገቱን ስንይዝ፣ ከሞተሩ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ይህ ነዳጁ ከጊዜው ውጭ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማ ነው። በአርባ ምንጭ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 86 በመቶ ገደማ ሲሆን በጨንቻ ግን ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳና ሲቀዘቅዝ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትና ሙቀት ስለሚቀንስ ድምፁ እየጠፋ ይሄዳል። ነጂው «ዳነልኝ» ብሎ ይመለሳል፤ ቆላው ላይ ግን ያው ችግር ይጠብቀዋል። ለጊዜው ማርሽ መቀነስና የነዳጅ መርገጫውን ማላላት ይረዳል፤ መፍትሔው ግን የማቀዝቀዣውን ሥርዓት፣ የእሳቱን ሰዓትና የነዳጁን ጥራት መመርመር ነው።

ሦስተኛው ያገለገለ መኪና የምትገዙ ልብ እንድትሉት ነው። ውስጡ የተበላ ሞተር ወፍራም ዘይት ሲሞላበት ለጥቂት ቀናት ጸጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ አዳምጡት፤ ቀድሞ ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

የማይጠብቁ ድምፆች

ሁሉም ድምፅ እኩል አያስቸኩልም። አንዳንዱ እስከ ደሞዝ ቀን ይጠብቃል። የሚከተሉት አራቱ ግን አይጠብቁም።

ነዳጅ ስንሰጥ የሚብስ ጥልቅ «ቋ ቋ» የሚል የሞተር ድምፅ፣ በተለይም የዘይት መብራት አብሮ ከበራ፣ ወዲያው ሞተር የሚያስጠፋ ነው። የፒስተን ዘንግ መቀመጫ ተበልቶ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሞተሩን ሊያወድመው ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ የሚፋጭ ፍሬን አለ። በሦስተኛ ደረጃ ጎማው በእጅ ሲነቀነቅ ከመላላቱ ጋር የሚሰማ ጉርምርምታ ነው። አራተኛው ከሞተሩ አጠገብ የሚሰማ የጭስ ማውጫ ፍንጣቂ «ጭፍ ጭፍ» ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ መስኮት ዘግተው ለተኙ ልጆች ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ፍሬኑ አንድ ስሌት ልጨምር። ከነተሳፋሪው 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ ወደ 18 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። ይህ ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ንፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረድን ሞተሩም ብዙውን ይካፈላል። በከፍተኛ ማርሽ ወይም ማርሽ አውጥተን ከወረድን ግን ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲስብ ግን እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ይህ ብልሽት ቀድሞ በድምፅ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ከጆሮ በተጨማሪ የቀን መቁጠሪያ ያስፈልገናል፦ የፍሬን ዘይት ባይጮኽም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል።

ጸጥተኞቹ መኪናዎች

«መምህር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲስፋፋ ይህ ሁሉ ጥበብ አይቀርም ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ እገምታለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለችና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አይቀርም የሚል ነው። ሞተሩ ዝም ሲል እሱ ይሸፍናቸው የነበሩት የኩሽኔታ፣ የጎማና የቡሽ ድምፆች ይገለጣሉ። እነዚህ መኪናዎች ፍጥነት ሲቀንሱ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልሱ የፍሬን ሸራው ብዙም አይበላም፤ በአንጻሩ እምብዛም የማይሠራ ዲስክ ዝገት ይይዘውና ጠዋት ጠዋት ይፋጫል። ለአንድ ሁኔታ ግን ተዘጋጁ፦ ባትሪው ሞልቶ ከጨንቻ የሚነሣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚመልሰው ጉልበት መቀመጫ ስለማይኖረው፣ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የተለመደው የመቀነስ ኃይል ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ ከደጋ ስትነሡ ባትሪውን እስከ ጫፍ አትሙሉት። በጋሞ ደጋና ቆላ መካከል ለምትሠሩ የነገ መሐንዲሶች ይህ ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ነው።

ኩሽኔታው

ታሪኬን ሳልጨርስ አልሂድ። እኒያ መካኒክ ጥያቄያቸውን መመለስ ሲያቅተኝ አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ላንቴ አቅጣጫ እንድነዳ አደረጉኝ። በሦስተኛ ማርሽ፣ ከዚያ በአራተኛ፤ በአስፋልት፣ ከዚያ በጠጠር፤ ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ። ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ «የቀኝ የፊት ኩሽኔታ ነው፤ ተመለስ» አሉኝ። ሲፈታ ኳሶቹ የሚንከባለሉበት ብረት ተላልጦ ጉድጓድ ጉድጓድ አውጥቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ይኸው ቀለበት ነው፤ ስትወጡ በጣታችሁ ዳስሱት። በዚያ ኩሽኔታ ላይ ነበር እናቴንና ልጆቼን ይዤ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ከጨንቻ የወረድሁት።

ዋጋው ከሁለቱ ጎማዎችና ከአሞርዛተሮቹ ያነሰ ነበር። እኒያ ሰው ኮምፒዩተርም ሆነ ንዝረት መለኪያ አልተጠቀሙም። የተጠቀሙበት አንድ ነገር ብቻ በመቀየር ሌላውን እንዳለ ትቶ ለውጡን ማስተዋልን ነው፤ በቤተ ሙከራ የምናስተምረውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስትመለሱ አንዲት ብጣሽ ወረቀት መኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡ። አዲስ ድምፅ በሰማችሁ ቀን ምን እንደሚመስል፣ በስንት ፍጥነትና በየትኛው ማርሽ እንደተሰማ፣ ፍሬን ወይም መሪ ይቀይረው እንደሆነ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን ሞቆ ጻፉበት። ጋራዥ ስትደርሱ ወረቀቱን ለመካኒኩ ስጡ፤ ቁልፉን ከዚያ በኋላ ታቀብላላችሁ።